«ከላይ መመሪያ እስኪመጣ» — ለቢሮ ኃላፊዎች፣ ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቢሮና የመምሪያ ኃላፊዎች፣ የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣

ከሃያ ዓመት በላይ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያነት ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ የዝናብ መጠን መመዝገብ፣ የሰብልና የከብት ሁኔታ መከታተል፣ የገበያ ዋጋ መሰብሰብ፣ ወንዝ ሲሞላ ወይም ዝናብ ሲጠፋ ሪፖርት ጽፌ ወደ ላይ መላክ ነበር። «ወደ ላይ» ያልሁትን ልብ በሉልኝ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለዚያ አነጋገር ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን አደጋ ሲደርስ የሁላችንም አንገት ወደ ላይ ይቀናል። ቀበሌው ወረዳውን፣ ወረዳው ዞኑን፣ ዞኑ ክልሉን ይጠብቃል። ስልክ ይደወላል፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፣ ደብዳቤ ይረቀቃል፣ ማኅተም ይፈለጋል። ጎርፉ በዚህ መካከል ከቤት ገብቶ ወጥቷል።

ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ በሐምሌ ሌሊት ዝናብ ጣራውን ሲደበድበው ተነሥቼ እቀመጣለሁ፤ አሁን የት ይሆን እላለሁ። ስለ አደጋ ምላሽ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ሥልጠናም ሰጥቻለሁ፤ በወፍራሙ የተጠረዙ የድንገተኛ ምላሽ ዕቅዶችን በእጄ አዘጋጅቻለሁ። ዛሬ ያን ሁሉ ልደግምላችሁ አልመጣሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ሰዓት በእናንተ እጅ አትገባም፤ የምትገባው እዚያው ሥፍራው ላይ በቆመው ሰው እጅ ነው። ያ ሰው የቀበሌ አስተዳዳሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የልማት ሠራተኛ ወይም ርዕሰ መምህር ሊሆን ይችላል። ሳይፈራ እንዲወስን አስቀድማችሁ ሥልጣኑን ስጡት።

በጎፋ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ እሑድ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ከባድ ዝናብ ጣለ። ተራራው ተናደና ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ሰኞ ሐምሌ 15 ጠዋት ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያው የተቀበሩትን ሊያወጣ ተሰበሰበ። አካፋና ዶማ ያገኘ ይዞ መጣ፤ ያላገኘ በእጁ ጭቃውን ይቧጥጥ ጀመር። እነርሱ እየቆፈሩ ሳለ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። የቀበሌው አስተዳዳሪም አብሮአቸው ሞተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሟቾቹ ቁጥር ከ250 አለፈ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ዐወጀ።

ለዚያ አስተዳዳሪ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እሰግዳለሁ። መመሪያ አልጠበቀም፤ ሕዝቡ ወዳለበት ሄደ። እኛ ግን፣ በቢሮ የነበርነው ሰዎች፣ ከዚያ ቀን በፊት ምን ሰጥተነው ነበር? ይህን ጥያቄ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ ሥራውን የጨረሰ አይደለም። ውሃ የጠገበ አፈር ይከብዳል፤ ከሥሩ ካለው ዓለት ጋር የያዘውም ኃይል ይላላል። መጀመሪያ የተናደው ከታች ያለው ክፍል ደግሞ ለላይኛው እንደ እግር ነበር፤ እግሩ ሲሄድ ከላይ የቀረው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከበላዩ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ሲያጋድል፣ የምንጭ ውሃ በድንገት ሲደፈርስ ምልክቱን ሰጥቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በጥናት ወረቀቶቻችን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጥያቄዬ ከጥናቱ መደርደሪያ ወርዶ ተራራ ሥር ወደሚኖረው ሰው ጆሮ ደርሷል ወይ የሚል ነው።

ልጁ ከጭቃ ሥር ያለችበትን አባት «ቁም፣ አትቆፍር» የሚለው ሰው ከየት ይመጣል? ከዚህ ጥያቄ የከበደ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ከከተማ በመኪና የመጣ ኃላፊ ቢናገረው አይሰማውም፤ አለመስማቱም አይገርመኝም። የሚሰማው ከሠፈሩ ሰው ከሆነ፣ ከክረምቱ በፊት ሽማግሌዎች፣ የዕድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች ባሉበት «ተራራ የተናደ ቀን የእገሌን ቃል እንሰማለን» ተብሎ ተስማምቶ ከሆነ ነው። እንዲህ ከሆነ ያ እገሌ ሰዉን ይከፍለዋል፤ አሥር ሰው ይቆፍራል፣ ሌላው ከአደጋው ቀጣና ርቆ ተራውን ይጠብቃል፣ ሁለት ወጣቶች ማዶ ቆመው የተራራውን አናት ብቻ ይመለከታሉ፣ መሬቱ ሲነቃነቅ ፊሽካ ይነፋሉ። የሚያስፈልገው ፊሽካና የአንድ ከሰዓት ውይይት ነው። ለዚህ በጀት እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለ ማሽኑም ልናገር። በኬንቾ ሻቻ ሰው በእጁና በአካፋ የቆፈረው መሬቱ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ከባድ ማሽን ቶሎ ሊደርስ ስላልቻለ ነው። ሁሉም ሥፍራ ማሽን ይደርሳል አልልም። ሆኖም ስንቶቻችሁ ናችሁ በዞናችሁ ውስጥ ዛሬ ማታ የትኛው መንገድ ሥራ ተቋራጭ ሎደርና ኤክስካቫተር የት እንዳቆመ የምታውቁ? የኦፕሬተሩ ስልክ በማን ኪስ ነው? ነዳጁ በማን ሒሳብ ይሞላል? ይህን በአደጋው ቀን መጠየቅ የጀመረ ኃላፊ ሦስት ሰዓት ያጣል። ከአፈር ሥር ላለ ሰው ሦስት ሰዓት ምን ማለት እንደ ሆነ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም።

የራሴን ደግሞ ልንገራችሁ። ብዙ ዓመት ሆኖታል። በምሠራበት ወረዳ በነሐሴ አንድ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ የቆላውን ቀበሌ አጥለቀለቀው። ሕዝቡ ነፍሱን ብቻ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣ። እኔና ባልደረቦቼ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ሕፃናቱ የራሰ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል። ብርድ ልብስና ሸራ በወረዳው መጋዘን ሞልቶ ነበር፤ ራሴ በጻፍሁት ሪፖርት መሠረት ከሁለት ወር በፊት የመጣ ነው። መጋዘኑ ከትምህርት ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ተቀስቅሶ ቁልፉን ይዞ መጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። «ሞዴል 22 ካልተፈረመ አንዲት ብርድ ልብስ አላወጣም» አለ፤ ሞዴል 22 የዕቃ ማውጫው ቅጽ ነው። ልወቅሰው አልቻልሁም። ባልደረባው ከዓመት በፊት ያለ ፊርማ በወጣ ዕቃ ምክንያት ከደመወዙ ሲቆረጥበት አይቷል። የሚፈርመው ኃላፊ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። ምክትሉ ቢመጣም «በጽሑፍ ውክልና አልተሰጠኝም» ብሎ እጁን ሰበሰበ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊው ስልኩን ከፈተ። ጉዳዩን ስንነግረው «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ስጧቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸብን። ውሳኔው አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ከንጋቱ በፊት ግን አንድ የስምንት ወር ሕፃን ሞቶ ነበር። ብርዱ ይሁን ሌላ ሕመም የመረመረው ሐኪም የለም። እናቱ ብርድ ልብሱን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም። ቁልፉን ከሰውዬው እጅ ነጥቄ በሩን መክፈት እችል ነበር፤ አልከፈትሁም። እኔም ሞዴል 22ን ፈርቼ ነበር።

ያን ሌሊት ክፉ ሰው አልነበረም። ግምጃ ቤቱም፣ ምክትሉም፣ ኃላፊውም ደጎች ነበሩ። የጎደለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ምን እንደሚል ጽፌ ላሳያችሁ፤ ብትፈልጉ እንዳለ ገልብጡት። «እኔ በሥራ ቦታዬ ከሌለሁ ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ በስልክ ካልተገኘሁ፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ስማቸው በቅደም ተከተል የተጻፈው ሦስት ሰዎች ዕቃ ከመጋዘን የማስወጣት፣ ተሽከርካሪ የማሰማራት፣ ነዳጅ የማስቀዳት፣ ትምህርት ቤትና አዳራሽ የማስከፈት፣ መንገድ የመዝጋት፣ ሕዝብን ከአደጋ ሥፍራ የማንሣት ሥልጣን አላቸው። ሰነዱ በሦስት ቀን ውስጥ ይሟላል። በቅን ልቦና ለወሰኑት ውሳኔ ኃላፊነቱ የእኔ ነው።» ፊርማ፣ ማኅተም። ግልባጭ ለፋይናንስ። ግልባጭ ለኦዲት።

የመጨረሻውን ግልባጭ አደራ አትዝለሉት። ሠራተኛው ከጎርፉ ይልቅ ኦዲተሩን የሚፈራበት ምክንያት አለው። በአደጋ ጊዜ ፈጥኖ የወሰነ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ብቻውን ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሲጠየቅ፣ ምንም ያልወሰነው ደግሞ በሰላም ሲሾም አይተናል። እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ያየ መሥሪያ ቤት ለአሥር ዓመት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የመንግሥት ንብረት ይመዝበር እያልሁ አይደለም፤ በአደጋ ስም የሚሰርቅ ሰው ከሌባም የከፋ ነው። ስለዚህ የወጣውን ዕቃ ሁለት ምስክሮች ባሉበት በተራ ወረቀት መዝግቦ ማስፈረም ይበቃል፤ ሞዴሉ በኋላ ይሞላል። ሌባውም በዚያ ወረቀት ይያዛል፣ ቅን ሠራተኛውም በዚያው ወረቀት ነጻ ይወጣል።

በመንግሥት ሥር ካሉ ተቋማት በቶሎ መወሰን ምን እንደሚመስል ያሳየ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። የነበሩበት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም በዚያው ቀን አደጋው የደረሰበት ጉድጓድ አጠገብ ቆመው ነበር፤ በሕይወት የተረፈ ሰው አለመኖሩንም ሳያድበሰብሱ ተናገሩ። በማግሥቱ አየር መንገዱ የቀሩትን የዚያው ዓይነት አውሮፕላኖች ከበረራ ማገዱን አስታወቀ። የአደጋው ምክንያት ገና አልታወቀም ነበር። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እነዚያን አውሮፕላኖች ያገደው መጋቢት 4 ነው። ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ምክንያቱን ማጣራት ወራት ይፈጃል፤ ሕይወት የሚጠብቅ ውሳኔ ግን ጥርጣሬው በራሱ ይበቃዋል። የድልድዩ ምሰሶ መሸርሸሩን የሰማ የመንገድ ኃላፊ ዛሬውኑ መንገዱን ይዝጋ፤ መሐንዲሱ ነገ ሄዶ ደኅና ነው ካለ ይከፈታል። ለአንድ ቀን መንገድ በከንቱ ተዘጋ ተብሎ የሞተ ሰው አላውቅም።

ወደ ሁለተኛው ሸክሜ ልለፍ፤ እርሱም ቁጥር ነው። የሞተው፣ የጠፋው፣ የተፈናቀለው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ሰዓት ይመጣል፤ የእኛ ኃላፊዎች በዚህ ጥያቄ ይጨነቃሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ እንወቀሳለን ብለው ይፈራሉ፤ ዝቅ አድርገው ከተናገሩ ደግሞ በኋላ ያፍራሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ምሽት በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲቀብር፣ በማግሥቱ ከ40 በላይ ነው የተባለው የሟቾች ቁጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ110 አለፈ። ቁፋሮ ሲቀጥል ቁጥር መጨመሩ የሚጠበቅ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ኃላፊው የመጀመሪያውን ቁጥር የመጨረሻ አስመስሎ ሲናገር ነው። «እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ያገኘነው ይህን ያህል ነው፤ ፍለጋው አላበቃም፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሰን እንነግራችኋለን» ማለት ምን ያስቸግራል? ማታም ተመለሱ። አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ተመልሳችሁ «አዲስ ነገር የለም» በሉ። የጠፋበት ሰው ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ይህን ያደረጉ ኃላፊ አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን ሲገኝ ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትርነቱን ገና በዚያው ሰሞን መረከባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንቱ ቫይረሱ እንደተገኘበት፣ ስንቱ እንዳገገመ፣ ስንቱ እንዳረፈ በየዕለቱ ይነገረን ነበር። በየቤቱ ሰው ያን ሰዓት ይጠብቅ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቁጥሩ መጥፎ በሆነባቸው ቀናትም አልተቋረጠም። ሕዝብ መጥፎ ዜና ሲሰማ ይሸበራል የሚለው የቢሮ ፍርሃት ልክ አለመሆኑን ያኔ አየሁ፤ ሰውን የሚያሸብረው ዝምታው ነው፤ ዝምታው የለቀቀውን ቦታ ወሬ ይሞላዋልና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን፤ እኛ ደግሞ ረሃብን የደበቅን ሕዝብ ነን። በ1965 ወሎ ሲራብ ወሬው በየቢሮው ታፍኖ ቀረ። የራበው ገበሬ መንገድ ዳር ወጥቶ ሲወድቅ ባለሥልጣኖቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ክብር እንሠጋለን ብለው ዝም አሉ፤ ዓለም ያወቀው በ1966 መጀመሪያ የውጭ ሀገር የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ምስሉን ካሳየ በኋላ ነው። ረሃቡ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆነ፤ ከዚያ ረሃብ በኋላ ተምረናል ብለን ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ባለሙያዎቹም የ1977ቱን ረሃብ ከወራት በፊት አስጠነቀቁ። ግን የመስከረም 1977 ሰሞን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የሚከበርበት፣ የደርግ ፓርቲ የሆነው ኢሠፓ የሚመሠረትበት ነበር፤ ስለ ረሃብ ማውራት በዓሉን ማደብዘዝ ሆኖ ታየ። ኮረም ሜዳ ላይ በየጠዋቱ በብርድ ልብስ እየተጠቀለለ የሚቀበረው ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። እኔ ወደ ሙያው የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት አዛውንት ባለሙያዎች ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ ድምፃቸው ይቆረጥ ነበር። ጽፈው ነበር እኮ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዶ ነበር።

ስለዚህ ባለሙያችሁ «ዘንድሮ በልግ አልዘነበም፣ የእህል ዋጋ እየጨመረ የከብት ዋጋ እየወረደ ነው» ብሎ ሲመጣ «ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ አድርገህ አምጣው» አትበሉት። ይህን ዐረፍተ ነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ዝቅ የተደረገ ቁጥር ዝቅ ያለ እህል ያመጣል፤ የጎደለው ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ ገበታ ነው የሚጎድለው።

በመልካም የማነሣውም አለ። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከከረመ በኋላ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መጠኑ 5.7 አካባቢ የደረሰው ተከሰተ። በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአደጋው ቀጣና ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወሩ። ቤቶች ፈርሰዋል፣ ትምህርት ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል፤ ሰው አስቀድሞ ባይነሣ ኖሮ የምንቆጥረው ሌላ ቁጥር ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰውን ማንሣት ግን መጀመሪያው ብቻ ነው። አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን ጥሎ አይሄድም፤ ቢሄድም ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ «ኅብረተሰቡ ለመነሣት ፈቃደኛ አይደለም» የሚል ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊት ከብቱ የት ይውላል፣ ውሃ የት ይጠጣል ብላችሁ ጠይቁ። ሴቶች ሌሊት የሚወጡበት መጸዳጃ አለ ወይ? መብራትስ? መጠለያ ጣቢያውን ያቀደው ሰው አንድ ሌሊት እዚያው ቢያድር ሌላው ሁሉ ይገባዋል።

በመርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 11 ቀን 2017 የተነሣው እሳት ነጋዴውን ሁሉ ያስለቀሰ ነበር። የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖች እንቅፋት እንደሆነ በወቅቱ ተነግሯል። መንገዱ ጠባብ መሆኑን ግን ጥቅምት 10ም እናውቅ ነበር። በየከተማው ያላችሁ ኃላፊዎች አንድ ቀን የእሳት አደጋ መኪናውን ባዶውን በገበያችሁ ውስጥ አስነዱት። የተቀረቀረበትን ቦታ መዝግቡ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ጉብኝት አንድ ቃል። አደጋ ወደ ደረሰበት ሥፍራ መሄዳችሁ ተገቢ ነው፤ ሕዝቡ መሪውን ማየት ይፈልጋል፣ ሐዘኑም ይቀልለዋል። ነገር ግን አምቡላንስ በሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ አሥራ ሁለት መኪና አስከትላችሁ አትሂዱ። ቁፋሮውን የሚመራው ሰው ሥራውን ትቶ ማብራሪያ እንዲሰጣችሁ አታስቁሙት። ቦታው ስትደርሱ «ምን ጎደለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የጎደለውን በእናንተ ስልክ ደውላችሁ አስመጡለት። የእናንተ ስልክ ቶሎ ይነሣል፤ የእርሱ አይነሣም። ይህን አንዱን ብቻ ብታደርጉ ጉዟችሁ ከንቱ አይሆንም። ለቅሶ ቤት ስትገቡም ካሜራውን ውጭ አቁሙት።

ከሦስቱ የሐዘን ቀናት በኋላ ያለውንም አትርሱት። ጋዜጠኛው ይመለሳል፣ የእርዳታ መኪናው ይቀንሳል፣ ወላጆቹን ያጣው ልጅ ግን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይመዘገባል፤ ደብተሩን ማን ይገዛለታል? በቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል ስንሠራ ተጎጂዎችን እንቆጥር ነበር፤ ከዓመት በኋላ ተመልሰን የቆጠርንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በሥራ ዘመኔ ከሚጸጽቱኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ፖሊሲ የለንም እንዳትሉኝ። በ2005 የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ለየአደጋው ዓይነት መሪ መሥሪያ ቤት መድቧል፤ የወረርሽኙ ባለቤት ይታወቃል፣ የጎርፉም ይታወቃል። በየደረጃው ግብረ ኃይል አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጋዘን በር ላይ የቆመው ሰው ግን ፖሊሲውን አያነብም። እርሱ የሚያውቀው አለቃው ባለፈው ጊዜ ምን እንዳደረገ ነው። አለቃው ሰው ያዳነን ሠራተኛ ያመሰገነ ከሆነ በሩን ይከፍታል፤ አለቃው የቀጣ ከሆነ ቁልፉን ጨብጦ ይቆማል።

ሰኔ ሳያልቅ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ምክትላችሁን፣ የፋይናንስ ኃላፊውን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሠራተኛና ሾፌሩን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። «ዛሬ ሌሊት ወንዙ ቢሞላና እኔ ባልገኝ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብላችሁ መልሳቸውን ስሙ። «እርስዎን እንጠብቃለን» ካሉ ከላይ የጻፍሁትን ወረቀት እዚያው አርቅቁና ፈርሙ። ለቀበሌዎቹም እንዲሁ አድርጉ። ግልባጩንም መጋዘኑ በር ላይ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው በባትሪ ብርሃን ሊያነበው በሚችል በትልልቅ ፊደል፣ ለጥፉልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ